የተቃናው ቁጥር

ሻርጃ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሳዳጊዬ ለጋሼ ዘገዬ፣

የጌታ ሰላም ለእርስዎም ለእትዬ ሸዋወርቅም ይብዛላችሁ። አካም ጅርቱ፣ እንደምን አላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ትንሽ ቀለል ብሏል፣ የፋርማሲው ሥራም እንደ ወትሮው ነው።

ጋሼ፣ እኔ ስጽፍ አንድ ነገር ፈልጌ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሳልቀባባ ልናገር። ልጄ ኢፋ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። የፊዚክስ አስተማሪያቸው አንድን ነገር በሁለት አገር ለክታችሁ አወዳድሩ ብሎ አዟቸዋል። ኢፋ የመረጠው ያን እርስዎ «ጂ» የሚሉትን ነው፤ የሚወድቅ ነገር በየሰከንዱ የሚፈጥንበትን ልክ። እዚህ ባሕሩ ዳር እሱ ይለካል፣ አዳማ ላይ ደግሞ ልጅዎ ጂቱ ትለካለት። የሁለቱም ስም ሥራው ላይ ይሰፍራል።

ለጂቱም ብዬ ነው። ይህ አስተማሪ በየዓመቱ ጎበዝ ልጅ እየመረጠ ለነጻ የትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው። የአዳማዋ ልጅ ሥራ የረባ ከሆነ ለእሷም እጽፋለሁ ብሎ በአፉ ነግሮኛል። እሷ ከልጅነቷ ፊዚክስ ፊዚክስ የምትል ልጅ ናት፤ ይህ ዕድል ከእጇ እንዳይወጣ።

መልሱን በነጋዴው በሽኩር በኩል ይላኩልኝ። ለመለዋወጫ ዕቃ ከአዳማ እዚህ ሲመላለስ ከፖስታ ቤቱ እሱ ይፈጥናል። እርስዎ መቼም በስልክ ፊዚክስ አይጻፍም ባይ ነዎት። ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ጫማ የእርስዎ ነው፣ ካልኩሌተሩ የጂቱ።

የእህትዎ ልጅ
ፋና


አዳማ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፋና፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይባረክ። እኛ አለን። ሸዋወርቅን ጉልበቷ ያማታል፣ እኔን ትምህርት ቤቱ ያመኛል። ሽኩር ደብዳቤሽንና ጫማውን አድርሶልኛል። ጫማው ጠበበኝ፣ ደብዳቤው ግን ልኬ ነው። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ።

ላቦራቶሪ አላችሁ ወይ ትዪኝ ይሆናል። እንዴታ! በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሥልጠና ላይ ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ዕቃው ቢሰበር ማን ይከፍላል ይላል። ስለዚህ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሙከራን ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ፔንዱለሙን ሰሌዳው ላይ እስላለሁ፣ ሰንጠረዡን አሰምራለሁ፣ ከዚያ «ይህን አገኛችሁ» እልና ቁጥሩን እሞላለሁ። ሰባ አራት ልጅ ቁጭ ብሎ ይገለብጣል። ሁልጊዜ 9.8 ይወጣል። በእኔ ክፍል አንድም ልጅ ተሳስቶ ለክቶ አያውቅም፣ ለክቶም አያውቅም።

ያንቺዋ ጂቱ ግን ጉድ አፈላች! ክሩ በረዘመ ቁጥር ስህተቱ ያንሳል ብላ የቤታችንን ጣሪያ ናቀችው። የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ አስፈቅዳ ከጣሪያው ብረት ላይ አንጠለጠለችው። ክሩን ቅዳሜ ቆቃ ድረስ ወርዳ ከዓሣ አጥማጆች ገዛች። ጫፉ ላይ ያሰረችው የግንበኛውን የያደታን ቱንቢ ነው፤ አስቢው፣ እሱ ግድግዳ የሚያቃናበትን። ሰዓቱን ከስፖርት መምህሩ ተዋሰች። ርዝመቱ እስከ ቱንቢው ወገብ ልክ አራት ሜትር ነው። እሱንም የለካችው ቱንቢው ተንጠልጥሎ እያለ ነው፤ ክር ይሳባል ብላ።

መዘምራኑ ተቆጥተዋል። «እኅት ጂቱ፣ ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው» ቢሏት «እግዚአብሔር የሠራውን ነው የምለካው» አለቻቸው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወጣሁ። እንዲህ ስትደሰት አይቻት አላውቅም፣ ፋና። እራት ላይ እንኳ ጣቶቿ ይቆጥራሉ።

አጎትሽ
ዘገዬ


ሻርጃ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘገዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ኢፋ የመዘምራኑን ነገር ሳነብለት ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጂቱን በርቺ በሉልኝ።

አጭር ነው የምጽፈው፣ ሽኩር ታክሲ አስቁሞ ይጠብቀኛል። አስተማሪው ሁለት ነገር አስጠንቅቋል። አንደኛ፣ ልጆቹ ቁጥራቸውን እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ፤ ሁለቱም ለየብቻ አሽገው ለእሱ ነው የሚያስረክቡት። ሁለተኛ፣ የአዳማው ወረቀት ከነስርዙ ከነድልዙ እንዲመጣ። ቢያምርም ቢያስጠላም እንዳለ ይሁን ብሏል። እስከ የካቲት መጨረሻ መድረስ አለበት።

የነጻ ትምህርቱን ነገር ደግሜ ጠይቄዋለሁ። ቃሉን አላጠፈም።

ፋና


አዳማ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፋና፣

እግዚአብሔር በያለሽበት ይጠብቅሽ። የጂቱን ሥራ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በጊዜው ይደርሳል፣ አትስጊ።

ለአንቺ የማልደብቅሽ አንድ ነገር አለ። ጂቱ ፔንዱለሙ መቶ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ 401.8 ሰከንድ ፈጀ አለች። ስታሰላው 9.78 ወጣ። ተሳስተሻል አልኳት። ሃያ ጊዜ ደገመችው። አንዱ 401.6፣ አንዱ 402፣ ሌላው በዚያው መካከል፤ አማካዩ ያው 9.78። «ልጄ፣ መጽሐፉ 9.8 ይላል፣ ጠበቅ አድርገው የለኩት ደግሞ 9.81» ብላት «እነሱ ይህን አዳራሽ አልለኩትም» ብላኝ እርፍ! ተቆጣሁ። ክርሽ ተስቦ ነው፣ ጣትሽ ዘግይቶ ነው አልኳት። አለቀሰች።

ወረቀቷን አሽጋ ለሽኩር ስጥልኝ ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን እጄ አልታዘዘኝም። የውጭ አገር ሰው የመምህር ዘገዬ ልጅ ፔንዱለም መለካት አቃታት እንዲል? ይህ ዕድል በግማሽ ሰከንድ እንዲያመልጣት? ፖስታውን በምላጭ ከፈትኩት። በጥሩ ወረቀት፣ በራሴ ጽሕፈት ገለበጥኩትና ቁጥሩን አቃናሁት፤ ከሃያውም ላይ ግማሽ ሰከንድ ገደማ አንስቼ ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረግኩት። አሁን 401.2 ይላል፣ ሲሰላ 9.81 ይወጣል። እንደ እንቁላል ጥርት ያለ ሥራ ሆኗል። የእሷ ወረቀት ሦስት ቦታ ተሰርዟል፣ አንዱ ጥግ ላይም ዘይት ነክቶታል።

ለጂቱ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት። ደግሞ ሌላ አይምሰልሽ፣ በትምህርት ቤት ሁሌም የምናደርገው ነው። አባት ለልጁ ይህን ካላደረገ ምን ያደርጋል?

አጎትሽ
ዘገዬ


ሻርጃ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የጌታችን ጸጋና ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን። እትዬ ሸዋወርቅ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ? ቅባቱን በሽኩር ልኬያለሁ፣ ጠዋትና ማታ ይቀቡት። እዚህ ሙቀቱ ከቤት አያስወጣም። ጂቱ ለፈተናው እንዴት እየተዘጋጀች ነው?

ሦስት ወር ሙሉ ያልጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር። ውሸት ይሆንብኛል።

ጋሼ፣ የጂቱ ሥራ ተቀባይነት አላገኘም። አስተማሪው እኔንና ኢፋን አስጠርቶ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋ። ኢፋ እዚህ ያገኘው 9.79 ነው። «ጂ ለምድር ወገብ በተቀረበ ቁጥር ያንሳል፣ ከፍታ በጨመረም ያንሳል። አዳማ ለምድር ወገብም ይቀርባል፣ ከፍታም አለው። ከዚህ ማነስ ሲገባው እንዴት በለጠ? ደግሞ ሃያ ልኬት ሁሉ አንድ ዓይነት የሚሆነው በየትኛው ዓለም ነው? ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ እንጂ የተለካ አይደለም» አለ። የምጠብቀው ወደ 9.78 የሚጠጋ ነበር አለ።

ደብዳቤዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ላሳየው ነበር። ግን አጎቴ፣ ያውም የፊዚክስ መምህር፣ ቁጥሩን ለወጠ ብል የኢፋ ሥራ አብሮ ሊሰረዝ ነው፣ የቤተሰብ ማጭበርበር ሊባል ነው ብዬ ፈራሁ። «ልጅ ናት፣ ቸኩላ ፈጥራ ጽፋ ይሆናል» አልኩት። ስሟን በቀይ ሰረዘው። ኢፋ የራሱን ብቻ እንዲያስገባ ተፈቀደለት።

ምን ላድርግ ጋሼ፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ፈተናዋን እስክትጨርስ ለጂቱ አይንገሯት።

ፋና


አዳማ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋና፣

አንቺን ልረግም ነበር ብዕር ያነሳሁት። እናትሽ ስትሞት ከመልካሳ በጀርባዬ አዝዬሽ የመጣሁት ልጄን በቀይ እስክሪብቶ እንድታሰርዣት ነው ወይ ልልሽ ነበር። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ቀደድኩት። አንቺ የዋሸሽው እኔ በዋሸሁት ላይ ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይላሉ፤ እኔ ሳጌጥ የተመላለጠችው ግን ልጄ ናት።

ለምድር ወገብ ሲቀርቡ ጂ ያንሳል፤ ከፍታ ላይ ያንሳል። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫለሁ። ለፈተና አውጥቼዋለሁ። የተሳሳተውን ዜሮ ሰጥቻለሁ። አዳማ ከባሕር በላይ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ላይ መሆኗን አጥቼው አይደለም። ነገሩ የእኛን መሬት የሚመለከት አይመስለኝም ነበር። ስለ ሌላ ሰው ምድር የተጻፈ ይመስለኝ ነበር፣ ፋና። እንዲህ ያለ መምህር ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራኑ ሲወጡ አዳራሹ ገባሁ። ያደታ ቱንቢውን አዋሰኝ፣ ምንም አልጠየቀኝም። መሰላል ላይ ወጥቼ ክሩን አሰርኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ፔንዱለም በእጄ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መቶ ቆጠርኩ፤ 401.9። ደገምኩ፤ 401.7። አሥር ጊዜ ለካሁ። በምንም መንገድ 401.2 አልሆን አለኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የጂቱን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልኬልሻለሁ። ስርዙም፣ ዘይቱም በደንብ ይታያል። ሌላም ወረቀት አለበት፤ ቁጥሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ስሜን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሁለቱንም ለአስተማሪው ስጪው። የፈለገውን ይበለኝ፣ ስሟን ብቻ ይመልስላት። ዋናው ወረቀት ግን ከእጄ አይወጣም፤ ከደብዳቤሽ ጋር በአሮጌው የፊዚክስ መጽሐፌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሽኩር በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆማ «የእኔ መልስ የለም?» ትለዋለች። እሱ ወደ እኔ ያያል። እኔ ወደ መሬት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ስትመለስ እነግራታለሁ። አሁን ብነግራት ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ።

ዘገዬ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘገዬ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ኢፋን ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደስታዬን ልጽፍልዎ ፈልጌ ብዕሩ ከበደኝ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። አስተማሪው ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ተመልሷል። እዚህ ላይ ደብዳቤውን ብጨርሰው ያምኑኝ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን ወረቀቶቹ ሲደርሱኝ ትምህርት ቤቱ ገና ክፍት ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጃለሁ። የእርስዎን ፊርማ ሲያይ እኔ ዋሽቼው እንደነበር ያውቃል፣ የኢፋንም ነጥብ ይሰርዛል ብዬ ተመለስኩ።

አሁን ምን ይደረጋል፣ ያለፈው አልፏል። ለጂቱ የግል ኮሌጅ የሚሆን ነገር በሽኩር ልኬያለሁ። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች። ጋሼ፣ እባክዎ አይጥሉኝ።

ፋና


አዳማ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋና፣

ሰላም ለእርስዎና ለኢፋ ይሁን። እማዬ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ስለ ቅባቱ አመስግኚልኝ ብላለች። ደብዳቤ መጻፍ አልለመድኩምና ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ።

አባዬ እስከ ዛሬ የሚመስለው የነገረኝ እሱ እንደሆነ ነው። ውጤት የወጣ ቀን አጠገቡ አስቀምጦ፣ እያለቀሰ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔ ግን ለፈተና ልገባ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው ያወቅሁት። ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ነገር ላይ ጥርጣሬ ገባኝና አሮጌ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ስከፍተው ወረቀቴ ወደቀ። ሻርጃ ደርሷል የምለው ወረቀቴ! ዘይቱን ሳይ ወዲያው ለየሁት፤ የሳምቡሳ ዘይት ነበር፣ አዳራሹ ውስጥ ስበላ ነው የነካሁት። ከሥሩ የእርስዎ ደብዳቤ ነበር። «ልጅ ናት፣ ቸኩላ ፈጥራ ጽፋ ይሆናል» ያሉትን አነበብኩ። ሁለቱንም እንደነበሩ መልሼ እራት በላሁ። አባዬ «ፈራሽ እንዴ?» አለኝ፤ አዎ አልኩት።

ፈተናው ላይ የማውቀውን መልስ አጠቁራለሁ፣ አየዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ሌላ አጠቁራለሁ። የሠራሁት ሁሉ በኋላ አንድ ሰው የሚያቃናው ይመስለኝ ነበር። ፊዚክስ 41 መጣልኝ። ጠቅላላው 294፤ ማለፊያው 300 ነው። አባዬ ስድስቱን ነጥብ ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ ይላል። አይደለህም አላልኩትም።

አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ እሠራለሁ። ሥራዬ መለካት ነው፣ ይገርምዎታል። የሸሚዝ እጅጌ በሜትር እለካለሁ። ግማሽ ሴንቲሜትር ካለፈ ለብቻው አኖረዋለሁ፤ የሰፋችው ልጅ ስሟ ይጻፋል፣ ጥፋቱ ሌላ ሰው ስም ላይ አይለጠፍም። አለቃዬ ሴትዮዋ ጥብቅ ናት። እወዳታለሁ።

አባዬ የማካካሻ ትምህርቱን ተማሪ፣ በሚቀጥለው ዓመት ድገሚ ይለኛል። እንጃ። ዘንድሮ ግን እሱ ያስተማረውን መጽሐፍ መክፈት አልችልም። እሱ ራሱ ተለውጧል። ተማሪዎቹን አሥር አሥር እያደረገ አዳራሹ ይወስዳቸዋል። ባለፈው ሰንበት ከሰዓት በአጥሩ በኩል ሳልፍ ሲቆጥሩ ሰማኋቸው፣ «ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ!» ከዚያ የአባዬ ድምፅ፦ «ያያችሁትን ጻፉ፣ እኔን አትዩኝ።» ቆሜ ሰማሁና አልገባሁም። ያን ቃል ለእኔ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ እርር አልኩ።

የላኩትን ብር በሽኩር መልሻለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ኢፋ እስካሁን ውሸታም እንደሆንኩ ነው የሚያውቀው አይደል? የእናቴ አጎት ልጅ ፈጥራ ጻፈች እያለ ይኖራል። እሱ ስላልዋሸኝ እሱ ይወቅ። የአዳማ ጂ 9.78 ነው፤ ለክቼዋለሁ፣ ሃያ ጊዜ። ይህን ብቻ ይንገሩት፣ ሌላውን እንደ ፈለጉ ያድርጉ።

ይህን ደብዳቤ ራሴ ጽፌ፣ ራሴ አሽጌ፣ ሽኩር ሱቅ ድረስ ሄጄ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። በአባቴ እጅ አላለፈም።

ጂቱ ዘገዬ